ከውሃ በታች መተንፈሻ ለመግዛት፦ «ሰው ሠራሽ ስንጥብ»፣ ስኖርክል፣ ትንሿ ሲሊንደር ወይስ ስኩባ?

በኢንተርኔት ማስታወቂያዎች ላይ በጥርስ የሚያዝ፣ ሲሊንደር የሌለው፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ ኦክስጅንን ከውሃ ለይቶ ያወጣል የሚባል መሣሪያ ደጋግሞ ስለሚታይ ንጽጽሩን ከእርሱ መጀመር ይበጃል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊግራም ሲሆን፣ የሚዋኝ ሰው ግን በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል፣ ማለትም 1.3 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያው ምንም ሳያባክን ቢሠራ እንኳ በየደቂቃው አንድ በርሜል የሚጠጋ ውሃ በውስጡ ማሳለፍ አለበት፤ ይህን የሚችል ፓምፕና ባትሪ ደግሞ በአፍ ተነክሶ አይያዝም። በ2016 እ.ኤ.አ. «ትራይተን» የተባለው መሣሪያ በ4.5 ሜትር ጥልቀት 45 ደቂቃ ያስተነፍሳል ተብሎ በኢንዲጎጎ፣ ማለትም ለአዳዲስ ፈጠራዎች ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ገንዘብ ከተሰበሰበበት በኋላ ገንዘቡ ለከፋዮቹ ተመለሰ፤ ዘመቻው እንደገና ሲከፈት አዘጋጆቹ ራሳቸው መሣሪያው የሚቀያየር የፈሳሽ ኦክስጅን መያዣ እንዳለው ገለጹ። ያ ከሆነ ስንጥብነቱ የቱ ላይ ነው? በእኔ ግምት የዚህ ዓይነት ዕቃ ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ከላይ ሆኖ ዓሣና ኮራል ማየት ለሚሻ ተራ ስኖርክል (ጫፉ ከውሃው በላይ የሚቀር የመተንፈሻ ቱቦ) ይበቃዋል። ቱቦውን ቀጥሎ ማስረዘም ግን አይሞከር፤ ከግማሽ ሜትር ብዙም ሳይወርዱ የውሃው ግፊት ደረትን ስለሚጫን አየር መሳብ ያዳግታል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው የታመቀ አየር በምትይዘው ባለ ግማሽ ሊትሯ ትንሽ ሲሊንደር ነው። በ200 ባር፣ ማለትም ከተራው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ፣ ስትሞላ የምትይዘው 100 ሊትር አየር ነው። በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ይህ በውሃው ገጽ ላይ 5 ደቂቃ፣ ግፊቱ እጥፍ በሚሆንበት 10 ሜትር ላይ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ የደነገጠ ጀማሪ ከዚህም ፈጥኖ ይጨርሳታል። አብሯት የሚሸጠው የእጅ ፓምፕ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ካልተገፋ አይሞላትም፤ የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ደግሞ ከ10 ባር ገደማ የማያልፍ ከመሆኑም በላይ አየሩ በዘይት ሊበከል ስለሚችል ለመተንፈስ አይሆንም። ከሁሉም የሚከፋው «ሥልጠና አያስፈልገውም» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው በሳንባው ያለው አየር የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን ስለሚሻ ሳንባውን ሊቀደው ይችላል፤ አደጋው በሁለት ሜትር ጥልቀትም አለ።

ከፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን የ1943 እ.ኤ.አ. ፈጠራ የመጣው ስኩባ፣ ማለትም በጀርባ የሚታዘል ትልቅ የአየር ሲሊንደር ያለው መሣሪያ፣ አሁንም ቢሆን የተሻለው ምርጫ ነው። ባለ 12 ሊትሩ ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር ስለሚይዝ፣ 50 ባር ለመጠባበቂያ ቢተው እንኳ በ10 ሜትር ላይ 45 ደቂቃ ያህል ያስተነፍሳል። ሆኖም በኤላት፣ በዱባይ ወይም በጂቡቲ ለሚጠልቅ ሰው ሲሊንደሩን መከራየት ይሻለዋል፤ ገንዘቡን መጀመሪያ በሥልጠና፣ ቀጥሎ ፊቱ ላይ በልክ በሚቀመጥ ማስክ፣ ከዚያም በሪጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት ቀንሶ አየሩን ለአፍ በሚያደርሰው ክፍል) ላይ ቢያውለው መልካም ነው። የተተነፈሰውን አየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወግዶ መልሶ የሚያስተነፍሰው ሪብሪዘር አየር ቆጣቢ ቢሆንም፣ ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠርና ስህተትን የማይምር በመሆኑ የጀማሪ ዕቃ አይደለም።

አዲስ አበባ የሚኖር ገዢ አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። የቦሌ አየር ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በበረራ ላይ በአውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ከጠለቁ በኋላ ቶሎ ወደ ዝቅተኛ ግፊት መውጣት ደግሞ በሰውነት የሟሟውን ናይትሮጅን አረፋ አድርጎ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከጂቡቲ የሚመለስ ጠላቂ በባቡር ወይም በመኪና ቢመጣም እንደ በረረ ሰው ነው የሚቆጠረው። ለበረራ የሚመከረው ዕረፍት አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12፣ ደጋግመው ከጠለቁ በኋላ ደግሞ 18 ሰዓት ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ጣና ሐይቅ ለመጥለቅ ያሰበም የሚገዛው ዳይቭ ኮምፒዩተር (ጥልቀትንና የመጥለቂያ ጊዜን እየለካ በደህና መውጫውን የሚያሰላ መሣሪያ) የከፍታ ማስተካከያ እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ።