ዲቲ 830 መልቲሜትር በተማሪ እጅ

የኤሌክትሪክ መምህር ነኝ፣ የማስተምረውም በሙያ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ይህችን ቮልት፣ አምፒርና ኦም የምትለካ ትንሽ መልቲሜትር የምመዝናት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዬ እጁ ላይ ሲይዛት ምን ይማራል?

የሙያ ትምህርት ትልቁ ችግር መሣሪያ ማነሱ ነው። አንድ ውድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ መምህሩ ይለካል፣ አርባ ተማሪ ደግሞ አንገቱን አስግጎ ያያል። ተማሪው የኦምን ሕግ ጽፎ ፈተናውን ያልፋል፣ ፕሮብ (የሜትሩን መለኪያ ሽቦ) ግን ይዞ አያውቅም። ዲቲ 830 ርካሽ ስለሆነች ለሁለት ተማሪ አንድ ትደርሳለች። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም ትክክለኛነት ይበልጣል።

ሁለተኛ የወደድኩላት ሬንጁን፣ ማለትም እስከ ስንት እንደምትለካ፣ ራሷ አለመምረጧ ነው፤ በማዞሪያው የሚመርጠው ተማሪው ነው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያየዋል፣ ለክፍል ግን ወርቅ ነው። አንድ አዲስ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ስጧቸውና በየሬንጁ ይለኩት። በ200 ሚሊ ቮልት ላይ በስተግራ «1» ብቻ ይወጣል፣ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ተበላሸ!» ይላል፣ ከዚያ ማዞሪያውን ወደ 20 ሲያመጣው 1.58 አካባቢ ያነባል፣ ወደ 200 ሲያልፍ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ይቀራል። ያ «1» ከሬንጅ በላይ ማለት እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማንም አይረሳውም። በቦርድ ላይ ይሄንኑ ስናገር ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፣ ጎኑ ላይም ተጽፏል። ተማሪ አምፒር ለክቶ ቀዩን ፕሮብ እዚያው ይረሳውና ቀጥሎ ቮልት ልለካ ሲል ምንጩን ሾርት ያደርገዋል፤ ማዞሪያው ቮልት ላይ መሆኑ አያድነውም። የሚሊ አምፒሩ ቀዳዳ ፊውዝ አለው፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ዜሮ ብቻ የምታነበውን ሜትር ለራሱ ለተማሪው እሰጠዋለሁ፣ ይፈታታል፣ ፊውዙን በጓደኛው ሜትር ኦም ላይ ይፈትሻል፣ ይቀይራል። ብልሽት ፈልጎ ማግኘትን ከዚህ የተሻለ የማስተምርበት መንገድ አላገኘሁም፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰርኪት ሁሌ ጤነኛ ነዋ!

ለክፍል ስትገዙ ሽቦው ካልተቋረጠ ድምፅ የሚያሰማውን ዓይነት ፈልጉ፣ ዲቲ 830ቢ ድምፅ የለውም፤ የሽቦ መቀጠል ሲፈትሹ ቁጥሩን ለማየት ዓይናቸው ከሥራው ላይ ይነሳል። 9 ቮልት ባትሪዋም ካላጠፏት በራሷ ስለማትጠፋ ያልቃል፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንድ ተማሪ ሁሉንም እንዲያይ አድርጉ።

ከግድግዳ ሶኬት ላይ ግን በዚህች አላስለካም። ለዚያ በሁሉም ቀዳዳ ፊውዝ ያለው፣ ካት 3 የሚባል ለሕንፃ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሆን የደህንነት ደረጃ ያለው አንድ ሜትር አለን፣ እሱንም አጠገባቸው ቆሜ ነው የማስይዛቸው።