የኢምፖርት መስመሮችን በራሳቸው የሚያስገቡ መሣሪያዎች፦ የትኛው ለማን ይስማማል?

በጃቫስክሪፕት የሚሠራ የድር መተግበሪያ ፋይሉ በበዛ ቁጥር በየፋይሉ አናት የሚደረደሩት የኢምፖርት መስመሮችም (ከሌላ ፋይል የሚወሰደውን ስም የሚጠሩት መስመሮች) ይበዛሉ፤ እነዚህን በእጅ መጻፍ ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ በአንዲት ፊደል ስህተት ገጹ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሥራውን የሚያቃልሉት መሣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው መስመሩን ፋይሉ ውስጥ ጽፎ የሚያስቀምጥ ኤዲተር (ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ሲሆን፣ ሌላው የተጻፈውን ፋይል ሳይነካ መተግበሪያው ቢልድ በሚደረግበት (ለአገልግሎት በሚዘጋጅበት) ጊዜ የሚጨምር ፕለጊን (ተጨማሪ ቅጥያ) ነው። ከዋጋም ከዝናም በፊት መታየት ያለበት ይህ ልዩነት ነው።

ከኤዲተሮቹ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በነፃ ይገኛል። የሚፈለገውን ስም መጻፍ ሲጀመር ከሚቀርበው ዝርዝር ከተመረጠ መስመሩ በቦታው ይገባል፤ በዊንዶውስ ላይ ሺፍት፣ አልትና ኦ አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ጥቅም ላይ ያልዋሉት ተወግደው የቀሩት በተርታ ይቀመጣሉ። ለዚህ ተብሎ ተጨማሪ ኤክስቴንሽን መጫን አያስፈልግም። ጉድለቱ አንድ ስም በሁለት ሞጁሎች (ኮድ በሚወሰድባቸው ክፍሎች) ሲገኝ ይታያል፦ በኔክስት ጄኤስ ፍሬምወርክ (የድር መተግበሪያ መገንቢያ ማዕቀፍ) የሚሠራ ሰው «ዩዝራውተር» ከ«ኔክስት ራውተር»ም ከ«ኔክስት ናቪጌሽን»ም እንደሚመጣና ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ካላወቀ፣ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ያየውን መርጦ ስህተቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ሌላው ኤዲተር ዌብስቶርም፣ በእኔ ግምገማ፣ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ፋይል ሲዘዋወርና ስም ሲቀየር የበለጠ የሚታመን ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ ስለተፈቀደ፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ተማሪ ያለ ሐሳብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ለሆቴሎችና ለሱቆች ድረ ገጽ እየሠራ የሚኖር ቢሮ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለውን ደንበኝነት አስቀድሞ ያስብበት። ራምም ይወዳል፤ 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው ላፕቶፕ አልመክረውም።

አንፕለጊን ኦቶ ኢምፖርት ቪትና ዌብፓክ ከሚባሉት የቢልድ መሣሪያዎች ጋር የሚሠራ ነፃ ፕለጊን ነው። በቪዩ ፍሬምወርክ «ሬፍ» እና «ኮምፒዩትድ»ን በየፋይሉ ለሚደጋግም ሰው እፎይታው ትልቅ ነው። ሆኖም ኤዲተሩ ስሞቹን እንዲያውቅ ፕለጊኑ የሚያመነጨው የታይፕ ፋይል (ስሞቹንና ዓይነታቸውን የሚዘረዝር) በፕሮጀክቱ ውስጥ መካተት አለበት፤ የኮድ ስህተት ፈታሹ ኢኤስሊንትም ካልተነገረው ስሞቹን ያልታወቁ እያለ ይከሳል። በቪዩ ላይ የተገነባው ኑክስት 3 ይህን ችሎታ ከራሱ ጋር ይዞ ስለመጣ እዚያ ላይ ፕለጊኑን መጨመር ትርፍ ድካም ነው።

ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች በየጊዜው በሚፈራረቁበት ቢሮ፣ ኮዱን የሚረከበው ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ስላለበት፣ ምርጫዬ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው። ፕለጊኑን የግድ የሚፈልግ ቡድን ቢኖርም የፍሬምወርኩን ስሞች ብቻ ይተውለት፤ የራሱን ፋይሎች ግን በኤዲተሩ በኩል በግልጽ ያስገባ።