ጢስ ዓባይ ወይስ የሰፈሬ ገበያ?

ካሜራዬን አንግቼ ስወጣ ሁለት ምርጫ አለኝ፦ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጢስ ዓባይ፣ ወይም በእግሬ የምደርስበት የሰፈሬ ገበያ።

ፏፏቴው አያሳፍርም። በመስከረም ውሃው ሞልቶ ሲወርድ ማንም ያንሳው ማን ፎቶው ያምራል። ችግሩም እሱው ነው፤ የእኔን ከሌላው ሰው መለየት ያቅተኛል። በበጋ ደግሞ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ይሳሳል።

ገበያው ግን ድፍረት ይጠይቃል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት እንደሚቻል አላጣሁትም፤ ሞክሬው ያተረፍኩት የሰው ጀርባና ትከሻ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ግን መጠጋት፣ ሰላምታ መስጠት፣ ማስፈቀድ ግድ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ጤፍ ከሚሸጡ እናት ፊት ቆምኩ።

«እንደምን አደሩ እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ጤፉን ሳትገዛ?»

ሁለት ጣሳ ገዛሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተቀመጡልኝ። ያ ፎቶ እንደ መታወቂያ ጉርድ ደረቀ። ደህናው የመጣው ጤፉን ሲሰፍሩልኝ ነው። የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/60 ሰከንድ ዝቅ አድርጌው ስለነበር፣ ከጣሳው የሚወርደው ፍሬ በጠዋቱ ፀሐይ ነጭ ክር ሆኖ ተዘረጋ፤ የሚሰፍረው እጅ ግን ጥርት እንዳለ ቀረ። ፏፏቴ ፍለጋ ስንት ጊዜ ተሳፍሬአለሁ!

እንግዳ ሲመጣብኝ አሁንም ጢስ ዓባይ እወስደዋለሁ። ለራሴ ገበያውን መርጫለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜም ያሳተምኩትን ፎቶ ለእማማ ይዤ እሄዳለሁ።