ሽሮ እየሸጥን የተመረመርንበት ዓርብ

ነጻ ምርመራ አለ ሲባል ቶሎ የምነሣ ሰው አይደለሁም። አሥራ አንድ ሆነን ባልትና የምናዘጋጅ ሴቶች ነን፤ ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ መቆም ለእኛ የግማሽ ቀን ገበያ ማጣት ነው፤ ዕቁቡ ደግሞ አይጠብቅም። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ የተዘጋጀውን ምርመራ ግን እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ አስበልጠዋለሁ። የምርመራው ድንኳንና የእኛ የመሸጫ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ነበሩና። አንዷ ስትመረመር ሌላዋ በርበሬዋን ትመዝንላታለች። ለጠረጴዛውም ኪራይ አልተጠየቅንም።

በሕንድ አህመዳባድ ኤላ ባት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 የመሠረቱት ሴዋ የተባለው የሴቶች ማኅበር ጤናና ገበያ እንደማይነጣጠሉ ቀድሞ ገብቶታል። አባላቱ አትክልት ቸርቻሪዎች፣ ሸክም ተሸካሚዎች፣ ቤታቸው ተቀምጠው ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። በ1974 የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። ብድር መመለስ ካቃታቸው ሴቶች ብዙዎቹን ያሰናከላቸው ሕመም እንደሆነ ሲያዩም ጤናን የማኅበሩ ሥራ አደረጉት። የእኛን ደብተር ለሚያገላብጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ክፍያ ያቋረጡት ሦስቱም ወይ ታማሚ ወይ አስታማሚ ነበሩ።

ወደ ምርመራው ልመለስ። ከግንፍሌ ዳገቱን ከነዕቃዬ ወጥቼ ወዲያው ስለካ ደም ግፊቴ 152 በ94 ሆነ። ሲስተሯ አልጻፈችውም። «እናቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፤ አያውሩ» ብላ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ደገመችልኝ፤ 138 በ86። ከፍተኛ የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ስለሆነ ያቺ ጥቂት ዕረፍት ከባዶ ድንጋጤ አድናኛለች። ሰልፉ እየረዘመ ሳለ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ማየቴ ልቤን ነካው።

ለስኳር ምርመራ የጾሙ መሆን ረዳን፤ ብዙዎቻችን እህል ውኃ ሳንቀምስ ነበር የመጣነው። ቁርስ የበሉትን ለይተው ወረቀታቸው ላይ «በልታለች» ብለው ጽፈዋል፤ በባዶ ሆድ 126 ሲሆን የሚያሠጋው ቁጥር ለበላ ሰው ያን ያህል አይናገርምና። ከእኛ መካከል እትዬ የምላቸው ታላቃችን በባዶ ሆድ 131 ሆኑ። አንድ ጊዜ ተለክቶ ብቻ ስኳር አለብዎት እንደማይባልም በደንብ አስረዷቸው።

የማኅጸን በር ካንሰር ምርመራው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ከኮምጣጤ ጋር ዘመድ የሆነ ፈሳሽ ይቀቡና ወደ ነጭ የተለወጠ ቦታ መኖሩን በዐይን ያያሉ፤ ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሁሉ ሊያገኙት የሚገባ ነው። ሆኖም መዝጋቢው ስለ ወሊድና ስለ ባል የሚጠይቀውን የጠየቀው በስስ መጋረጃ በኩል፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ነበር። ሁለት ጓደኞቼ ተነሥተው ወጡ። ስንት ዓመት ፈርተው የቆዩትን ነገር ሊጋፈጡ የመጡ ሴቶች በአንድ ጮክ ያለ ጥያቄ ተመለሱ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ሌላም አለ። ምድጃ ላይ ጢስ እየዋጥን ለምንውል ሴቶች ስለ ሳልና ስለ ዐይን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የሪፈር ወረቀቱም «ጤና ጣቢያ» ከማለት በቀር የትኛው፣ መቼ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ አይናገርም።

ገበያው ጥሩ ነበር። ከግፊት መለኪያው የሚወጡ ሰዎች ጨው ቀንሱ ስለተባሉ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛችን እየመጡ «ጨው ያልገባበት ሽሮ አላችሁ?» ይሉን ጀመር። አልነበረንም፤ ሽሯችን ከነጨውና ከነኮሰረቱ የተፈጨ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻው አምስት ኪሎ አስፈጨን፤ አልቋል።

በድጋሚ ከተዘጋጀ ሂዱ፤ ሳትበሉ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ የቀድሞ ወረቀታችሁን ይዛችሁ። እትዬ የጤና መድን ደብተራቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄደው ምርመራውን ደገሙ፤ 129 ሆነ። አሁን ክትትል ጀምረዋል። በቀጠሯቸው ዕለት ሚዛናቸውን የምይዘው እኔ ነኝ።