ስም የሌለው አሮጌ ፋውንቴን ፔን ቢጠገን ያዋጣል?

እዚህ የምገመግመው ፋውንቴን ፔን ቀፎውም ሆነ ክዳኑ ላይ የአምራች ስም የለበትም። ጥቁርና አረንጓዴ የተወራረሰበት ቀፎ፣ ቀለም ለመሳብ የምታገለግል ትንሽ የጎን ማንሻ፣ የወርቅ ቅቡ ተልጦ ናሱ የታየ የኪስ ማንጠልጠያ አለው፤ ሲገዛም ፈጽሞ የማይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ብዕር ከሌላ ርካሽ አሮጌ ዕቃ ጋር ተደባልቆ የሚሸጥ በመሆኑ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደሠራው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ኒቡን፣ ማለትም የሚጽፈውን ብረት፣ በተለይም ጫፉን ነው፤ ስም የሌለው ብዕር ገንዘብና ጊዜ ሊወጣበት የሚገባው ጫፉ ደኅና ሲሆን ብቻ ነውና።

አምራቹን ማወቅ ባይቻልም ዘመኑን በተቀራራቢ መገመት ይቻላል። ጎን ላይ ያለችውን ማንሻ አሜሪካዊው ዋልተር ሼፈር በ1908 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳዩን ሠርተዋል። ቀፎው ሴሉሎይድ የሚባል የቀድሞ ዘመን ፕላስቲክ ነው፤ ብዕር ሠሪዎች ኤቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ ወደ ሴሉሎይድ በብዛት የዞሩት ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ርካሽ ብዕሮች በአብዛኛው ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ በሚሠራ ፕላስቲክ መመረት ጀመሩ። ስለዚህ ይህን ብዕር ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1940ዎቹ ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሴሉሎይድን ከኤቦናይት ለመለየት ቀፎውን በአውራ ጣት እስኪሞቅ አሽቶ ወዲያው ማሽተት ይበቃል፤ ሴሉሎይድ ካምፎር ካምፎር ሲል ኤቦናይት የድኝ ሽታ ይሰጣል። አንዳንዶች የጋለ መርፌ ቀፎው ላይ አስነክተው እንዲለይ ይመክራሉ። ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይሰጥም ነበር።

ኒቡ ላይ «ዋራንትድ 14 ካራት» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ይህ የድርጅት ስም አይደለም፤ ኒቡ ከመቶ 58.5 ገደማ ወርቅ እንዳለው የሚገልጽ ማረጋገጫ ነው፤ ኒብ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶችም እንዲህ ያለውን ኒብ ለብዙ ብዕር ገጣጣሚዎች ይሸጡ ነበር። ጽሑፉን አምኖ መቀመጥ ግን አይበቃም። በወርቅ የተለበጠ የብረት ኒብ ቅቡ ሲበላ መካከሉ ባለችው ቀዳዳ ዙሪያና በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ብረት ወይም ዝገት ያሳያል፤ ይህኛው ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ከዚህ የበለጠ ያስደሰተኝ ጫፉ ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ከወርቁ ይልቅ ጠንካራ የሆነ፣ ወረቀት ሲነካ ቶሎ የማያልቅ፣ የተበየደ የብረት እንክብል በሁለቱም ክንፎች ላይ ሳይሸራረፍ ቆሟል። ይህ እንክብል ያለቀበት ኒብ ወረቀት ይቧጭራል፤ ጫፉን በባለሙያ ማስተካት ደግሞ ብዕሩ ከተገዛበት እጅግ የበለጠ ያስወጣል።

ጥገናው ሲጀመር ከባዱ ሥራ አንገቱን፣ ማለትም ኒቡ የተሰካበትን የፊት ክፍል፣ ከቀፎው ማላቀቅ ነው። የፀጉር ማድረቂያን ደረቅ ሙቀት ቀፎውን እያዞሩ መስጠትና እጅ የሚችለው ልክ ላይ ሲደርስ ማቆም ያስፈልጋል፤ ሴሉሎይድ ሲበዛበት ይጣመማል፣ ከዚያም ያለፈ ሙቀት አደገኛ ነው። አንገቱ ኤቦናይት ስለሆነ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉ ጥቁሩን ወደ ቡናማ ሊለውጠው ይችላል። ከተላቀቀ በኋላ በውስጡ የተገኘው እንደ ብስኩት የተፈረፈረ የጎማ ከረጢት ነው፤ ብዕሩ ቀለም እንዳይስብ ያደረገውም ይኸው ነበር። ከረጢቱን የሚጫነው የብረት ዘንግ ላዩ ላይ ትንሽ ቢዝግም የመለጠጥ ኃይሉ አልጠፋም።

አዲሱ ከረጢት የሚመረጠው በቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ዲያሜትሩን በኢንች 64ኛ ክፍል ያመለክታል፤ 16 ቁጥር ማለት 16/64 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ነው። ከቀፎው ግድግዳ ጋር የሚታከክ ከሆነ መጠኑ በትክክል አልተመረጠም ማለት ነው። ከረጢቱን አንገቱ ላይ ለማጣበቅ ሼላክ የሚባለው የተፈጥሮ ሙጫ ብቻ ይበቃል፤ ሙቀት ስለሚያላቅቀው ወደፊት ሌላ ሰው ብዕሩን ሳይሰብር ሊከፍተው ይችላል። በሱፐር ግሉ የተጣበቁ ብዕሮችን ከፍቼ ስለማውቅ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሼላኩ ሌሊቱን ከደረቀ በኋላ ከረጢቱን ሽቶ የሌለው ታልክ ቀብቶ ማስገባት መታከኩን ይቀንሳል።

አንደኛው ክንፍ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ በጥፍር ቀስ እያደረጉ ወደ ታች መጫን አስተካክሎታል። የብርጭቆ ወረቀት ወይም ሞረድ አላስፈለገም፤ ባያስፈልግም ይሻላል። የማንጠልጠያው የወርቅ ቅብ ግን ቀጭን ስለሆነ በናስ ማጽጃ ቢታሽ የቀረውም ይለቃል፤ እንዳለ ተውኩት። ከቀፎው ውስጥ፣ ከረጢቱ በነበረበት በኩል፣ አረንጓዴው ጠቁሯል፤ ከጎማው የሚወጣው የድኝ ጋዝ ሴሉሎይድን ስለሚያጠቁረው ይህ የሚመለስ አይደለም።

አሁን ቀለሙን ሳያቋርጥ ይሰጣል፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው መስመር ይጽፋል፣ ወርቁም በትንሽ ጫና ለስላሳ ምላሽ አለው። ከዚህ በላይ የምጠይቀው ነገር የለም። ድክመቱ ክዳኑ ላይ ነው፤ ጥርሱ ስለተበላ አጥብቆ አይዘጋም፣ ጥቂት ቀን ሳይጻፍበት ቢቀር ኒቡ ይደርቃል። ስለዚህ ለዕለት ማስታወሻ ለሚጽፍ ሰው የሚሆን እንጂ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የሚረሳ ብዕር አይደለም። ተመሳሳይ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የክዳኑን ከንፈር ወደ ብርሃን አድርጎ ስንጥቅ ይፈልግ፤ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም ያለቀ የኒብ ጫፍ ካየ ብዕሩን ይተወው፤ የደረቀ ከረጢት ወይም ያረጀ ቅብ ግን ላለመግዛት ምክንያት አይሆነውም።

ቀለሙ ለፋውንቴን ፔን የተሠራ ተራ ቀለም መሆን አለበት፤ ለሥዕል የሚያገለግለው ጥቁር ቀለም ማጣበቂያ ስላለበት በኒቡና ከሥሩ ባለው የቀለም ማስተላለፊያ መካከል ደርቆ ይዘጋል። ቀለም ለመለወጥ ወይም ብዕሩን ለማሳረፍ ሲፈለግ ማንሻዋን እያነሡ ንጹሕ ውሃ አስገብቶ ማስወጣት፣ ውሃው ቀለም ሳይዝ እስኪወጣ ድረስ መድገም፣ ከዚያም ኒቡን በጨርቅ ላይ አሳርፎ ማድረቅ ይበቃል።