የክንድ የደም ግፊት መለኪያና የስልክ ክትትል፦ ከባሕር ዳር ሺምብጥ የአንዲት ነፍሰ ጡር አስተያየት

ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ፣ ሰባት ወር ገባኝ። በመጀመሪያው እርግዝና ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ግማሽ ቀን ያልቅ ነበር፤ ካርድ፣ ተራ፣ ከዚያ የአምስት ደቂቃ ምርመራ። አሁን የምከታተልበት የግል ክሊኒክ፣ ግፊትም ስኳርም የለብሽም፣ የመጀመሪያውንም በሰላም ወልደሻል ብሎ ከ8ቱ ቀጠሮ ሦስቱን በስልክ አደረገልኝ። 8 የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ በፊት 4 ነበር።

ግፊቴን ቤት የምለካበትን መለኪያ ራሴ ገዛሁ። የክንድ ነው። የእጅ አንጓውን እንዳትገዢ ያለችኝ ሲስተር ናት፤ አያያዝሽ ትንሽ ከተዛነፈ ቁጥሩ ይሳሳታል። በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም አያስጨንቅም። መጀመሪያ ክሊኒኩ ወስጄው ከነሱ መለኪያ ጋር አመሳከርነው፣ እናንተም ይህን ሳታደርጉ አትመኑት።

አንድ እሁድ አማቴ የዘጌ ቡና አፍልተው፣ ቶናውን እንደጠጣሁ ለካሁ። 142 በ91! ክው አልኩ። 140 በ90 ከደረሰ ደውዪ ተብያለሁ፣ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢኖረኝ ኖሮ በቀጥታ ሆስፒታል ነበር የምሄደው። ለካ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፣ እጅጌዬንም ጠቅልዬ ክንዴን አስጨንቄዋለሁ። ቆይቼ ክንዴን ከልብሱ አወጣሁ፣ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ሳላጣምር መሬት አስረግጬ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። 121 በ78። ሲስተር ማታ ደወለች፣ ጠዋት ሄድኩ፣ ሽንቴ ታየ፣ ፕሮቲን የለበትም።

መለኪያው ጥሩ ነው። የእሁዱ ስልክ ግን በጣም አናዶኛል። ሴትን ቤትሽ ሁነሽ ለኪ ካላችሁ ስልኩን የሚያነሳ ሰው መድቡ። ለዚህ ነው ከ5 ኮከብ 3 የምሰጠው።

ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድና የቴታነስ ክትባት በስልክ አይሆኑም፣ ለእነሱ መሄድ ግድ ነው። ግፊት ወይም ስኳር ያለባት፣ መንታ ያረገዘች ደግሞ ቀጠሮን በስልክ ማድረጉን አትሞክረው። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ደም ከታየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ዘጌ ያለችው የአጎቴ ልጅ ለክትትል በጀልባ ነው ባሕር ዳር የምትመጣው፣ ያውም ጣና ካልተናወጠ። ግፊት ከወሊድ በኋላም ስለሚነሳ መለኪያውን እስከ 6 ሳምንት እኔው እይዘዋለሁ። ከዚያ የእሷ ነው።