የማታ ማጠናከሪያ ትምህርት በጅማ፦ መምህራኑን ወደድኩ፣ ሰዓቱን ግን አልቀበለውም

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ለአራት ወራት በማታው ክፍል ተምራለች። ልጃቸውን ለማስመዝገብ ለሚያስቡ ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በማስተማሩ በኩል ቅሬታ የለኝም። የሂሳብና የፊዚክስ መምህራኑ ያለፉ ዓመታትን የፈተና ጥያቄዎች ሠርተው በማሳየት ብቻ አይወሰኑም፤ ተማሪው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ደብተሩን አገላብጠው ይፈልጋሉ። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ወላጅ እንዲህ ያለ እገዛ መፈለጉ ተገቢ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ትምህርቱ ከምሽቱ 1፡30 ተጀምሮ 4፡00 ላይ ያበቃል። ልጄ በባጃጅ ጅሬን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትደርስ 4፡30 ይሆናል፤ የቤት ሥራዋን ጨርሳ የምትተኛው ከሌሊቱ 7፡00 ሲሆን ንጋት 12፡00 ላይ መነሣት አለባት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ሲመከር፣ ለእርሷ የሚተርፋት አምስት ብቻ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ በእረፍት ሰዓት ለተማሪዎቹ የሚቀዳው ቡና ነው። እኛ ጅማዎች ቡናን የምናቀርበው ለአክብሮት ነውና በቅንነት እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ 3፡00 ላይ የተጠጣው ስኒ ከሌሊቱ 8፡00 ላይም እንቅልፍ ማወኩን አይተውም። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ልጄ ማታ በትክክል የሠራችውን የሎጋሪዝም ጥያቄ በማግስቱ ፈዝዛ ስትመለከተው ያየሁ ቀን፣ የምንከፍለው ገንዘብ ለምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ።

አስተባባሪው በአክብሮት አነጋግረውኛል፤ መምህራኑ ቀን ሌላ ቦታ ስለሚያስተምሩ ሰዓቱን ወደ አመሻሽ ማምጣት እንደማይቻል ነገሩኝ። ቡናውን ማስቀረት ግን የሚከብድ አይመስለኝም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

ከወር በፊት ልጄን ወደ ቅዳሜና እሑድ የጠዋት ክፍል አዛወርኳት። መምህራኑ እነዚያው ናቸው፤ ይህን ክፍል ሳላመነታ እመክራለሁ፤ የማታውን ግን፣ በተለይ ቤቱ ለራቀ ተማሪ፣ አልመክርም። አሁን 4፡30 ሳይሞላ ትተኛለች፤ ሳልቀሰቅሳት የምትነሣባቸው ጠዋቶችም እየበዙ ነው።